የሱሀይር ስልክ ዝግ ነው

ኅዳር 19፣ ዓርብ

እሰይ! ዛሬ ሰባተኛ «ለ» ውስጥ አንድም ያንቀላፋ ልጅ አልነበረም። ከምሳ በፊት ያለው ክፍለ ጊዜ፣ ጠቅላላ ሳይንስ፣ ርዕሱ የምግብ መፈጨት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ግማሹ ክፍል ምሳውን እያሰበ ያዛጋብኝ ነበር። ዛሬ ግን ቴሌቪዥኑን ከርእሰ መምህሩ ቢሮ አስወርጄ ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁትን የጥያቄ ጨዋታ ከፈትኩላቸው። ጥያቄው ቴሌቪዥኑ ላይ ይወጣል፣ ልጆቹ መልሱን በስልካቸው ይነካሉ፣ ለቀደመ ነጥቡ ይበዛል፤ መጨረሻ ላይ የአሸናፊው ስም ከነሙዚቃው ብቅ ይላል።

የመርካቶን ልጅ ቅደም ብሎ ማስተማር አያስፈልግም። የጨዋታ ስም አውጡ ስላቸው አንዱ «የምናለሽ ተራ ንጉሥ»፣ አንዷ «ዋጋ አይቀነስም» ብለው ገቡ። አባቱ እህል በረንዳ ጤፍ የሚያከፋፍለው ፉርቃን ራሱን «ኩንታል» ብሎ አንደኛ ወጣ። ከኋላ አንዷ «ይሄ ልጅ ሚዛን ላይ ያጭበረብራል!» ስትል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ።

ስልኩ የአባት፣ የእናት፣ የታላቅ ወንድም ነው። የሌላቸው ካላቸው ጋር ተጠጉ። ኢክራ ብቻ ቦታዋ ላይ ቀረች። ኢክራ ጥያቄውን ሳልጨርስ መልሱን የምታውቅ፣ ግን የሰው ትከሻ ላይ መንጠልጠል የማይሆንላት ልጅ ናት። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ሁሉንም ጥያቄ በከንፈሯ ስትመልስ አየኋት።

በሚቀጥለው አንድ መላ እፈልግላታለሁ።

ኅዳር 25፣ ሐሙስ

ችግር መጣ። በጥያቄው መሀል ስልክ ይደወላል። ሲደወል ኢንተርኔቱ ይቋረጣል፣ ልጁም ከጨዋታው ይወጣል።

ዛሬ ፉርቃን እየመራ ሳለ የአባቱ ደንበኛ ደወለ። ልጁ ሊዘጋው ሲል ደንግጦ አነሳው፣ ድምፁም ጎልቶ ወጣ፦ «ሃሎ! ጤፉን ላራግፈው ወይስ ይዤው ልመለስ?»

ክፍሉ በአንድ አፍ፦ «አራግፈው!»

እስከ መምህራን ማረፊያ ድረስ ስስቅ ሄድኩ። ሰውየው እውነት አራግፎት ይሆን እንዴ?

ታኅሣሥ 3፣ ዓርብ

ተገኘ! ስልኩ ላይ አጭር ኮድ ከተመታ፣ የሚመጣው ጥሪ በሙሉ ወደ ሌላ ቁጥር ይዞራል። እኔ ደግሞ የማልጠቀምበት፣ መሳቢያ ውስጥ የተኛ ሲም ካርድ አለኝ። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት የልጆቹን ስልክ በየተራ እየተቀበልኩ ጥሪውን ወደዚያ አዞርኩት። የሚደውል ሰው «ዝግ ነው» ይባላል። ስንጨርስ መልሼ እፈታዋለሁ። ኮዱን ለልጆቹ አላሳይም። ባሳያቸው መርካቶን በአንድ ቀን ያተራምሷታል!

ጋሽ ሀብተሚካኤል፣ ርእሰ መምህራችን፣ በር ላይ ቆመው አዩ። «ኤልሲ፣ አንቺ እኮ ከኛ ዘመን ቀድመሽ ሄደሻል» አሉኝ። ጮቤ ረገጥኩ። ከዚያ ዝቅ ብለው፣ «ስልክ የሚያመጡት ወላጅ የፈቀደላቸው ብቻ ናቸው፣ አይደል?»

«እንዴታ፣ ጋሼ!»

ወላጆቹን አልጠየቅኩም። እጠይቃለሁ።

ኢክራ ዛሬም ባዶ እጇን። ቀለል ላደርግላት ብዬ «አንቺ ደግሞ የጭብጨባ ክፍል ኃላፊ ነሽ» አልኳት። ሳቁ። እሷም ሳቀች። ሳቀች መሰለኝ። ከምሳ በኋላ በሜዳው ሁሉ «ጭብጨባ! ነይ እንጂ ጭብጨባ!» ሲሏት ሰማሁ። ይተዉታል፤ ልጅ ምን ያስታውሳል።

ታኅሣሥ 14፣ ማክሰኞ

ኢክራ ስልክ ይዛ መጣች! ሰፊ፣ ጀርባው በላስቲክ የታሰረ ስልክ።

«የማን ነው፣ ኢክራዬ?»

«የቤት ነው፣ ቲቸር።»

ሌላ አልጠየቅኩም። እንደ ሁሉም ተቀብዬ ጥሪውን አዞርኩላት። የጨዋታ ስሟን «ጭብጨባ» ብላ ነው የገባችው። አንደኛም ወጣች። ከሁሉም በላይ፣ ከፉርቃንም በላይ! ሙዚቃው ሲጀምር አንገቷን ደፋች፣ ግን ጆሮዋ ድረስ ፈገግ ብላ ነበር።

በዚያው ደቂቃ ጋሽ ሀብተሚካኤል ሁለት መምህራን አስከትለው ገቡ። «ሳምንት ማክሰኞ ከሌሎች ትምህርት ቤቶች እንግዶች ይመጣሉ፤ ኤልሲ ታሳያቸዋለች። ከዚያማ አሠልጣኝ ትሆናለች!» ደወሉ ሲደወል በር ላይ ከበውኝ ስለ ጨዋታው እያስረዳኋቸው ነበር። ልጆቹ ስልካቸውን ሲሰጡኝ እያወራሁ ፈታሁላቸው። ኢክራ ጎኔ ቆማ «ቲቸር፣ የኔን… እናቴ ከሽሮ ሜዳ ሳትመለስ…» አለች።

«አንድ አፍታ፣ የኔ ቆንጆ።»

ዞር ስል የለችም።

አሠልጣኝ! ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት። እልል አለች።

ታኅሣሥ 15

ኢክራ መምህራን ማረፊያ በር ላይ። «ቲቸር፣ ያን ቁጥር ይንገሩኝ።» የቱን? «ስልኩ ላይ የመቱትን፣ የሚፈታውን።» ኮድ ለተማሪ አልሰጥም ብያለሁ፤ ለአንዷ ከሰጠሁ ለሁሉም ነው። ስልኩን ይዘሽ ነይ አልኳት። «አልችልም።» እሺ፣ ከእንግዶቹ በኋላ እናየዋለን አልኳት።

ጥያቄዎቹን ገና አላዘጋጀሁም።

ታኅሣሥ 17፣ ዓርብ

የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ ሶፊ፣ የመርካቶ ሬዲዮ የምንላት፣ ምሳ ዕቃዋን ሳትከፍት ጀመረች።

«የሸማ ተራውን ጉድ ሰማሽ?»

ጉዱ እንዲህ ነው። ሱሀይር የምትባል ነጠላና ጋቢ አከፋፋይ አለች። ሱቋን ለሁለት ከፍላ ግማሹን ለበለጥሻቸው አከራይታ፣ ሁለቱ ለዓመታት እንደ እህት አብረው የሠሩ። በለጥሻቸው ራጉኤል ልትሳለም ስትሄድ ሱሀይር የሁለቱንም ትሸጣለች፤ ሱሀይር አንዋር ልትሰግድ ስትሄድ በለጥሻቸው እንዲሁ። የአንዷ ገንዘብ ከሌላዋ ተቀላቅሎ አያውቅም። ሱሀይር የማክሰኞ ጠዋቷን ሽሮ ሜዳ ሸማኔዎቹ ጋ ነው የምታሳልፈው።

«አሁን በለጥሻቸው የሱሀይርን ደንበኞች እየነጠቀች ነው አሉ!» ሶፊ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ያው መላው ክፍል ይሰማታል። «የክፍለ ሀገሮቹ ለገናና ለጥምቀት የሚጭኑት ከበለጥሻቸው ሆኗል። ሱሀይር ራሷ ደውላ ስትጠይቃቸው ‹ስልክሽ ዝግ ሆኖብን ነው› ይሏታል። እሷ ደግሞ ‹የደንበኛ ስልኬ ተዘግቶ አያውቅም፤ ዝግ ነው ብላ ያስወራችብኝ በለጥሻቸው ናት› ትላለች።»

«ቤተሰቦቿስ ሲደውሉላት?»

«ለቤተሰብ ሌላ ትንሽ ስልክ አላት። እሱማ ይሠራል።»

«ኔትወርክ ይሆናላ» አልኩ።

«ለአንድ ሰው ብቻ ተመርጦ የሚጠፋ ኔትወርክ! ኤልሲ ደግሞ። ልጇ እኮ ያንቺ ተማሪ ናት፤ ኢክራ።»

ሽሮዬን ሳልጨርስ ምሳ ዕቃዬን ከደንኩት። ጨው በዝቶበት ነበር።

ታኅሣሥ 19፣ እሑድ

ሸማ ተራ ሄድኩ። ነጠላ ልገዛ ነው። ለእናቴ ለገና ነጠላ መግዛቴ የሚገርም ነገር የለውም።

ሱቁን ሳልጠይቅ አወቅኩት። በአንድ በር ሁለት ሴቶች፣ ጀርባና ጀርባ ሆነው። በዓል ደርሶ ሰው ይጋፋል፣ ግን በሱሀይር በኩል ያለው ክምር እንዳለ ነው። ያ በላስቲክ የታሰረ ስልክ ጭኗ ላይ ነበር። በየጊዜው ታነሳዋለች፣ ታየዋለች፣ ትመልሰዋለች።

«ነይ የኔ ልጅ፣ ጥለቱን እይው፣ በእጅሽ ንኪው!» አለችኝ በለጥሻቸው።

ሱሀይር ለማንም ሳይሆን ለአየሩ፣ «የሰው ደንበኛ በልቶ የጠገበ አላየሁም» አለች።

«ሱሀይር፣ በራጉኤል! ሱሀይር አለች ጠብቋት ብላቸው ‹ቸኩለናል› አሉኝ። ላባርራቸው ነበር?»

«እኔ አንቺ ራጉኤል ስትሄጂ ‹ቸኩሏል› ብዬ ለደንበኛሽ የራሴን ዕቃ ሸጬ አውቃለሁ?»

በለጥሻቸው ወደ ነጠላዬ ዞረች። አጠፈችው፣ ጥለቱ ከጥለቱ አልገጠመላትም፣ ፈትታ እንደገና አጠፈችው። የጠራችውን ዋጋ ከፈልኩ። መርካቶ ተወልጄ አድጌ ሳልከራከር ዕቃ ገዝቼ አላውቅም። «ተባረኪ» ስትለኝ ሮጬ ወጣሁ።

ኔትወርክ ሊሆን ይችላል። በዚያ ሰሞን የኔም ይቆራረጥ ነበር።

ታኅሣሥ 20፣ ሰኞ

ሁሉም ከወጡ በኋላ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ሲም ካርዱን ስልኬ ላይ ከተትኩት። ላረጋግጥ ብቻ ነው። ምንም እንደሌለ ላረጋግጥ።

ገና ሳላስቀምጠው ጮኸ።

«ሃሎ? ሱሀይር? አልሐምዱሊላህ! ሙናዊር ነኝ፣ ከወልቂጤ። ኧረ የት ጠፋሽብኝ? የጥምቀቱን ነጠላ ካንቺ ሌላ ጋ መጫን ከብዶኝ እኮ ነው እስከ ዛሬ የጠበቅኩት።»

ደግ ድምፅ ነበረው። «የሷ ነው፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ቆይ ላገናኝዎ» ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃ ነበር።

«ተሳስተዋል» አልኩት።

«እህቴ፣ ይሄ የሱሀይር ቁጥር አይደለም?»

«አይደለም። ተሳስተዋል።»

ዘጋሁት። ሲሙን ነቅዬ አወጣሁት። እንዳይጮህ የፈራሁ ይመስል በመሀረብ ጠቀለልኩት፣ ሲም ብቻውን እንደሚጮህ።

ነገ እንግዶች አሉ። ከነገ በኋላ።

ታኅሣሥ 21፣ ማክሰኞ

አማረ። ሁሉም አማረ። ቴሌቪዥኑ ሠራ፣ ልጆቹ ሞቁ፣ እንግዶቹ ቪዲዮ ቀረጹ።

አንዷ እንግዳ፣ «ወላጆች ግን ስልካቸውን እንዴት ፈቀዱ?» አለች። ጋሽ ሀብተሚካኤል ቀደሙኝ፦ «ኤልሲ ከእያንዳንዱ ወላጅ ጋር ተነጋግራለች።» ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ራሴን ነቀነቅኩ። ኢክራ ከፊት ረድፍ፣ ባዶ እጇን፣ ቀጥ ብላ አየችኝ።

ሲወጡ ወደ ጥግ ጠራኋት። «ነገ ስልኩን ይዘሽልኝ ነይ። ለማንም ሳትነግሪ።»

«አይሆንም፣ ቲቸር። እናቴ ስትተኛ እንኳን እጇ ውስጥ ነው። ‹ይደወል ይሆናል› ትላለች።»

በድብቅ አምጪ አልኳት። ልጅቷን፣ ከእናቷ እጅ፣ ደግመሽ ውሰጂ አልኳት። «ይህ ጉዳዩን ቶሎ ለመፍታት ነው» ብዬ ልጽፍ ነበር። ሰረዝኩት።

ታኅሣሥ 23፣ ሐሙስ

ሶፊ፦ «ሱሀይር እስከ ገና ሱቁን ልቀቂ ብላታለች! በለጥሻቸውን! ብትሞት ይሻላታል፤ የሰው ደንበኛ ነጠቀች የተባለችን ሴት መርካቶ ውስጥ ማን ግድግዳ ያጋራታል?»

«ያሳዝናል» አልኩ።

ያሳዝናል! ይህን ያህል ነው ያልኩት። ከዚያ ሻይዬን አማሰልኩ።

ከሰዓት ለሱሀይር ስም የሌለው መልእክት ጻፍኩ፦ «ስልክዎ ጥሪ ወደ ሌላ ቁጥር እንዲያዞር ተደርጓል፤ ያስፈትሹት።» አንብቤ አጠፋሁት። የማያውቁት ሰው እንዲህ ብሎ ቢልክ እሱንም የበለጥሻቸው ተንኮል ነው ትላለች። እንዲህ ብዬ ነው ያጠፋሁት። እውነቱ ግን ቁጥሬን እንዳታውቀው ፈርቼ ነው።

ጋሽ ሀብተሚካኤል በሰልፍ ላይ አስጨበጨቡልኝ። ሜዳው ሙሉ ጭብጨባ። ኢክራም ታጨበጭብ ነበር።

ታኅሣሥ 25፣ ቅዳሜ

ትናንት ለጋሽ ሀብተሚካኤል ነገርኳቸው፣ ሁሉንም። መነጽራቸውን አወለቁ። «ከበዓል በኋላ እናየዋለን። እስከዚያ ለማንም አትናገሪ» አሉኝ። የኔኑ ቃል ነው ያሉት፤ ለኢክራ ስላት የከረምኩትን። ከሰው አፍ ሲወጣ እንዲህ የሚያስቀይም ነው?

ዛሬ ጠዋት ሸማ ተራ ወረድኩ። በለጥሻቸው ጋቢዎቿን ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ እያስገባች ነበር። ሱሀይር ጀርባዋን ሰጥታታለች።

«የኢክራ አስተማሪ ነኝ።»

«ቲቸር!» ሱሀይር ብድግ አለች። በርጩማ አራግፋ አቀረበችልኝ። «ልጄ የእርስዎን ስም ጠርታ አትጠግብም። ቁጭ ይበሉ እንጂ! ምን አጠፋች?»

«እሷ አይደለችም። እኔ ነኝ።»

ተናገርኩ። ጨዋታውን፣ ስልኩን፣ ጥሪውን ማዞሬን፣ ሳልፈታው መቅረቴን። የጎረቤት ሱቅ ሰዎች አንገታቸውን አስግገው ሰሙኝ። ስጨርስ ሱሀይር አላየችኝም፣ አልጮኸችም። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ገባኝ» አለች። «ኢክራ ናት የላከችዎ። ቤት ውስጥ በጠባችን ስታለቅስ ነው የከረመችው።»

«አይደለም፣ ሱሀይር፣ እውነቴን ነው…»

«ተዉት ቲቸር። ሁለት ሰው ሊያስታርቅ የዋሸ ኃጢአት የለበትም፤ አባቴም ሽማግሌ ነበሩ፣ አውቀዋለሁ። በሰው ጥፋት ራስዎን አስገቡ። አላህ ይስጥዎ።» ወደ በለጥሻቸው ዞረች። «በይ፣ ለቲቸር ስል ይቅር ብዬሻለሁ። ዕቃሽን መልሺ።»

«እሰይ!» አለ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ። «አስተማሪ ማለት እንዲህ ነው!» አንዲት ሴት ትከሻዬን ሳመችኝ።

እዚህ ላይ የሆነውን ልጻፈው፤ ደስ አለኝ። ተናግሬያለሁ፣ ታርቀዋል፣ ጭራሽ ተመርቄያለሁ። ቦርሳዬን አንስቼ ልሄድ ተነስቼ ነበር።

በለጥሻቸው ግን ማሠሯን አላቆመችም። የከረጢቱን አፍ በሲባጎ ጠበቅ አድርጋ አሠረችው።

«ምን አድርጌሽ ነው ይቅር ያልሽኝ?» አለች። «ሌባ ተብዬ፣ ምሕረት ተደርጎልኝ እዚህ ልቀመጥ? ቦታውን መች ለመንኩሽ፣ ሱሀይር! ስሜን ነው የምፈልገው።»

በለጥሻቸው ከረጢቱን ልትሸከም ጎንበስ ስትል ወገቧን ይዛ ቆመች። ተመልሼ ቁጭ አልኩ።

«ስልክዎን ይስጡኝ» አልኳት ሱሀይርን። ኮዱን መትቼ ፈታሁት። «አሁን ሙናዊር ጋ ይደውሉ። ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ይልቀቁት።»

«ሙናዊርን እርስዎ በምን አወቁት?»

«ይደውሉለት።»

ደወለች። «ሱሀይር? በስንት መከራ!» ያ ደግ ድምፅ ሱቁን ሞላው። «ሰኞ እኮ ስደውልልሽ አንዲት ሴት አንስታ ‹ተሳስተዋል› ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ምን ነካሽ ብዬ…»

«አቶ ሙናዊር» አልኩ፣ «ያነሳሁት እኔ ነኝ።»

«አዎ! ይቺው ናት! ይቺው ድምፅ ናት! ሱሀይር፣ ማናት ሴትዮዋ? ምን አድርገሻት ነው?»

ሱሀይር ስልኩን ጋቢው ላይ ደፍታ አስቀመጠችው፤ ሰውየው ከውስጡ «ሃሎ፣ ሃሎ» ይላል። «ሰኞ» አለችኝ። «ሰኞ ያውቁ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

ልብስ ሰፊው ወደ ስፌት መኪናው ተመለሰ። ትከሻዬን የሳመችኝ ሴት ከአጠገቤ ፈቀቅ አለች። ሱሀይር ተነስታ በለጥሻቸው ጋ ሄደች፣ የከረጢቱን ሲባጎ መፍታት ጀመረች። በለጥሻቸው ከረጢቱን ጭምቅ አድርጋ ያዘችው። ሱሀይር ግን ቋጠሮውን አልተወችም፤ በጥፍሯ፣ ኋላም በጥርሷ ፈታችው። ከላይ ያለውን ጋቢ አውጥታ በበለጥሻቸው ግድግዳ ላይ፣ ከድሮው ምስማር ላይ ሰቀለችው። ከዚያ ሁለተኛውን። በለጥሻቸው በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ሸፍና ቆመች፤ በመጨረሻ እጇን ከከረጢቱ ላይ አነሳች።

ስልኩ ዳግመኛ ጮኸ። ማንም አላነሳውም።

ልሂድ ስል ኢክራ ከቁርአን ትምህርቷ መጣች። እኔን፣ ከዚያ ግድግዳው ላይ ያሉትን ጋቢዎች፣ ከዚያ እናቷን አየች። ሁሉም ገባት።

«ስልኩን የወሰድኩት እኔ ነኝ፣ እማ።»

«ሰምቻለሁ» አለች ሱሀይር። «ይሄ ሁሉ ሲሆን ግን ለምን አልነገርሽኝም?»

ኢክራ ጫማዋን እያየች፦

«ቲቸር እስኪነግሩሽ እየጠበቅኩ ነበር።»